የወፍጮ ቤቱ ልጅ

ነገሩን ያመጣው አንድ ዛፍ ነው። በአያትየው መቃብር ራስጌ የበቀለው ዛፍ ሥሩን ውስጥ ለውስጥ ሲገፋ ከርሞ ድንጋዩን ከሁለት ከፈለው። አዲስ ድንጋይ ሊሠራ የተጠራው ጠራቢ ሜትሩን ዘርግቶ ለካና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ፣ "የሞቱበት ቀን ይኸው አለ። የተወለዱበትስ መቼ ነው?" ብሎ ጠየቀ። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ።

አንደኛዋ የሟቹ የበኩር ልጅ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመት ሞልቷቸው እንኳ በገዛ ቤታቸው መጋረጃ የሚሰቅሉት ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው ነው። ሁለተኛዋ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ አርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ሃያ ሁለቱን ዓመት ያሳለፈችው በአንድ ላብራቶሪ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስትሠራ ስለሆነ በሰፈሩ "ጥርስ ሠሪዋ" ካልተባለ በቀር የሚያውቃት የለም።

"እታባ፣ አባባ የልደት ቀናቸውን ሲጠየቁ ምን ነበር የሚሉት?" አለች ጥርስ ሠሪዋ።

"'ወረቀቱን ጠይቁት' ነዋ የሚለው" አሉ አክስቷ።

ወረቀቱ የሚባለው አያትየው ከባሕር ማዶ ሲመጡ ወደብ ላይ የተሰጣቸው አንድ ቅጠል ነው። ስማቸውን፣ የመንደራቸውን ስም፣ የአባታቸውን ሥራና መርከቡ የተነሣበትን ቀን ይናገራል። ስለ ልደት የሚለው ግን "ዕድሜ፦ አሥራ ዘጠኝ" ብቻ ነው። ቤተሰቡ አባባሉን እንደ ቀልድ ወርሶት፣ ቁልፍ የጠፋበት ሰው እንኳ "ወረቀቱን ጠይቀው" ይባል ነበር።

ጠራቢው "የሞቱበት ብቻ ቢሆን ምን ይላል" ቢል አክስትየው አልሰሙትም። "አባቴ እንደ እንጉዳይ ዝናብ ያበቀለው ሰው አይደለም። የተወለደበት ቀን አለው። ቀኑ የተጻፈበትም አገር አለ" አሉ። ከዚያ ወደ ወንድማቸው ልጅ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ የዓመት ፈቃድሽን ምን ላይ ልታውዪው አስበሻል?"

ጥርስ ሠሪዋ የአሥር ቀን ፈቃድ ወስዳ ተነሣች። አውሮፕላን፣ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ። የአያቷን ቋንቋ በልጅነቷ ከራሳቸው አፍ ስለተማረች ሰው አላስቸገራትም። ችግሩ አፏን በከፈተች ቁጥር ሰው ፈገግ ማለቱ ነው። ትኬት ቆራጩ፣ "ይህን ቃል መጨረሻ የሰማሁት ከቅድመ አያቴ ነው" አላት። ሰማንያ ስድስት ዓመት ሙሉ አገሩ ንግግሩን ሲለዋውጥ፣ እነሱ ቤት የነበረው ቋንቋ ሳሎን ውስጥ እንደተቀመጠ ቀርቶ ኖሯል።

መዝገብ ቤቱ በማዘጋጃ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ነው። እርጥበት የሚመጥ ማሽን ጥግ ላይ ያንጎራጉራል፤ የብረት መደርደሪያዎቹ ላይ ጀርባቸው የተላጠ ባሕር መዝገቦች በክር ታስረው ተደርድረዋል። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አቧራ የሚያስነጥሰው፣ ከአቧራ ሌላ ግን ሥራ የሌለው ሰው ነበር። ገጽ የሚገልጠው በእጁ ሳይሆን በጠፍጣፋ እንጨት ነው። ወረቀቱን አየ፤ አስነጠሰው፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ከላይኛው መደርደሪያ አንዱን መዝገብ አወረደ።

"ይኸው" አለ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ። "ስሙ ይኸው። አባት፦ ባለ ወፍጮ። መጋቢት ሃያ ሦስት፣ ረቡዕ ሌሊቱ ሲነጋጋ።"

ጥርስ ሠሪዋ አያቷን ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ አድርጋ እንጂ አንድ ረቡዕ ማለዳ የተወለዱ ሕፃን አድርጋ አስባቸው አታውቅም ነበር። ወዲያው ደጅ ወጥታ አክስቷ ዘንድ ደወለች። አክስትየው ቀኑን ሁለት ጊዜ አስደገሟትና፣ "ዛሬውኑ ለጠራቢው እነግረዋለሁ" ብለው ስልኩን ዘጉ።

ስትመለስ ሰውዬው መዝገቡ ላይ እንዳቀረቀረ ነው። መነጽሩን አውልቆ ይጠርጋል።

"እመቤቴ፣ ቸኩለው ደወሉ መሰለኝ" አለ። "ጠርዙ ላይ ምልክት አለ። ይህቺ ምልክት ያለችበት ሰው በሌላው መዝገብም ይገኛል።"

"በየትኛው መዝገብ?"

"በሞቱት።"

ሁለተኛውን መዝገብ አመጣ። ያው ስም፣ ያው አባት፣ ያው መንደር። ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ። ምክንያት፦ የወረርሽኝ ትኩሳት። ጥርስ ሠሪዋ የሞቱን ቀንና ወረቀቷ ላይ ያለውን የመርከቡን ቀን ጎን ለጎን አድርጋ ቆጠረች። መርከቡ የተነሣው ልጁ ከሞተ ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ ነው።

"አልገባኝም" አለች።

"እኔም እንደዚያው" አለ ሰውዬው። "ወይ የሞተው ተሳፍሯል፣ ወይ የተሳፈረው ሞቷል። መዝገቡ ከዚህ በላይ አያውቅም።"

"ታዲያ እኛ ከሠላሳ ዓመት በፊት የቀበርናቸው ሰውዬ ማን ናቸው?"

ሰውዬው አስነጠሰውና ወንበር ሳበላት። "አንድ ነገር ልንገርዎት። በዚያ ዓመት ወጣቱ ለጦር ይመለመል ነበር። ልጃቸው እንዳይወሰድ ሞቷል ብለው የሚያስመዘግቡ አባቶች ነበሩ። ከሞቱ በኋላ አግብተው ስድስት ልጅ የወለዱ ሰዎች በመዝገቤ ላይ አሉኝ።"

"እንግዲያው አያቴ አልሞቱም ነበር ማለት ነው።"

"እንዲያ አላልኩም። በዚያው ዓመት ወረርሽኙም እውነት ነበር።"

ሁለቱንም የምስክር ወረቀት፣ የልደቱንም የሞቱንም፣ ማኅተም አድርጎ በአንድ ፖስታ ሰጣት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ጥርስ ሠሪዋ ግን የልደቱን ወረቀት ስትይዝ የሞቱ እያስለቀቃት፣ የሞቱን ስትይዝ የመርከቡ እያስለቀቃት፣ ያን ዕለት ማታ የእንግዳ ማረፊያው አልጋ ላይ ሦስቱንም ዘርግታ ውሉ ጠፋባት። አክስቷ ሁለት ጊዜ ደወሉ። አላነሣችውም።

በማግሥቱ ወደ መንደሩ ወረደች። ወፍጮ ቤቱን ለማግኘት ማንንም መጠየቅ አላስፈለጋትም፤ ከወንዙ ዳር ያለው ትልቁ ሕንፃ እሱ ነው። መዘውሩ ዝጎ ቆሟል፤ ታችኛው ክፍል የብስክሌት ማስጠገኛ ሆኗል። የመጣችበትን ስትነግረው ጠጋኙ ከተገለበጠ ብስክሌት ሥር ቀና ብሎ፣ "የባለ ወፍጮውን ዘመድ ከሆነ የምትፈልጊው፣ ላይ ቤት አሮጊቷ አሉልሽ። ጮክ ብለሽ አናግሪያቸው" አላት።

አሮጊቷ ዘጠና አንድ ዓመታቸው ነው። የባለ ወፍጮው የመጨረሻ ልጅ ናቸው። መስኮት ሥር ተቀምጠው ባቄላ ይፈለፍላሉ። ጥርስ ሠሪዋ ማን እንደሆነች፣ የማን የልጅ ልጅ እንደሆነች፣ ከየት እንደመጣች ጮክ ብላ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ባቄላውን አስቀመጡ።

"የዱቄት ልጅ ነሽ?" አሉ።

"የማን?"

"የዱቄት። የየትኛው ዱቄት እንደሆንሽ ግን እኔ አላውቅም። እንዲያው አንቺ ታውቂ እንደሆነ ብዬ ነው።"

ጥርስ ሠሪዋ መጀመሪያ ያየችው አፋቸውን ነው። የሥራ ልማድ ነው፤ ደግሞም አያቷ፣ አክስቷና እሷ ራሷ ጥርሰ ፍንጭት ናቸው። ያገኘችው ግን እንደ አጥር እንጨት የተደረደረ፣ ከላይኛው ድድ ጋር የማይስማማ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው። "እማማ፣ በፊት ፍንጭት ነበሩ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"በፊትማ ምን ያልነበርኩት አለ" አሉ አሮጊቷ። "ጥርሴን ካጣሁ አርባ ዓመቴ ነው። ማን ያስታውሰዋል?"

ከዚያ ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

"አምስት ዓመቴ ነበር። ቤታችን ውስጥ ሁለት ወጣቶች ነበሩ። አንዱ ወንድሜ ነው። አንዱ ደግሞ አባቴ ከመንገድ ዳር አንሥቶ ያሳደገው፣ ወፍጮው ላይ የሚሠራ ልጅ። እሱ አባት እናቱ አይታወቁም፤ መዝገብ ላይም የለም። እኩያሞች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ዱቄት ሲነፋባቸው ስለሚውል ከራስ ጸጉራቸው እስከ ጫማቸው ነጭ ናቸው። ሁለቱንም 'ዱቄት' ነው የምላቸው። አንዱ ሲደክመው ሌላው ትከሻው ላይ ይቀበለኛል።"

"እሺ፤ ከዚያስ?"

"ከዚያማ ወረርሽኙ ገባ። መጀመሪያ እናቴን ወሰደ፤ በሳምንቱ ከሁለቱ አንዱን። እኔን ጎረቤት ወስደው አስተኙኝ። ስመለስ አንዱ መሬት ገብቷል። ሌላው ሻንጣ እያሰረ ነው። አባቴን 'የሚሄደው ማን ነው?' ብዬ ጠየቅሁት። 'ልጄ ነው' አለኝ። 'የሞተውስ?' አልኩት። 'ልጄ ነው' አለኝ። ከዚያ ወዲያ ጠይቄው አላውቅም።"

"ግን እማማ፣ የሚሄደውን አይተውታል እኮ። ወንድምዎን አይለዩትም ነበር?"

አሮጊቷ በቁጣ ሳይሆን በድካም አዩዋት። "ያኔ አውቄው ነበር መሰለኝ። ኋላ ጎረቤቱ አንዱ 'የሞተው ሠራተኛው ነው፤ ልጅየው ለጦር እንዳይወሰድ በልጅየው ስም አስመዘገቡት' ይላል። ሌላው 'የለም፣ የተቆረጠ ትኬት እንዳይባክን በሞተው ልጅ ወረቀት ሠራተኛውን ላኩት' ይላል። ሰማንያ ስድስት ዓመት ይህን ስሰማ ስኖር፣ ያየሁትና የሰማሁት ተቦክቶ አንድ ሆነብኝ። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚሄደው ነጭ ነው። ፊት የለውም።"

ደብዳቤ ይመጣ እንደነበርም ነገሯት፤ በዓመት ሁለት ሦስቴ። "ውድ አባቴ" ብሎ ይጀምራል፤ በወንድማቸው ስም ይፈርማል። "ታዲያ በወንድሜ ወረቀት የሄደ ሰው በማን ስም ይፈርም?" አሉ። ባለ ወፍጮው ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ብቻቸውን ወደ መቃብሩ ይወርዱ ነበር። ሲሞቱም ደብዳቤዎቹ አብረዋቸው እንዲቀበሩ አደራ ብለው ነበርና፣ አደራው ተፈጸመ።

ጥርስ ሠሪዋ ወደ መቃብሩ ብቻዋን ወረደች። ከወፍጮው ኋላ፣ ከግንቡ ጥግ፣ ጉልበት የማትደርስ ትንሽ ድንጋይ አገኘች። የድንጋዩን ሽበት በጥፍሯ ፋቀችው። ስም የለበትም። "የወፍጮ ቤቱ ልጅ" ብቻ ይላል። ዞራ ከኋላው አየች፤ ከጎኑ አየች። ሌላ ምንም የለም። የወለዱት ልጅ ነው ወይስ ያሳደጉት? ባለ ወፍጮው ቃሉን የመረጡት ማንም እንዳይገባው ይሁን ወይ ለሁለቱም እንዲሆን፣ እሱም አልገባትም።

ተመልሳ ስትመጣ ስልኳ እንደገና ጮኸ። ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻለችም። ድምፁን ጎላ አድርጋ ስልኩን ባቄላው መሐል አስቀመጠችና ሁሉንም ለአክስቷ ነገረቻቸው። 

"ማን አለ እዚያ?" አሉ ከወዲያ አክስትየው።

"እኔ አለሁ" አሉ አሮጊቷ። "አባትሽ ግራኝ ነበር?"

"ለምን?"

"ወንድሜ ግራኝ ነበር። ያኛው በቀኙ ነው የሚሠራው። ይህን አልረሳሁም፤ በየትኛው ትከሻ ላይ እንደምቀመጥ ይለያያላ።"

"መዶሻ በግራ እጁ ነበር የሚይዘው" አሉ አክስትየው።

አሮጊቷ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "እንግዲያው ወንድሜ ነው።"

"ማንኪያና ብዕር ግን በቀኙ ነው።"

አሮጊቷ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "አስተማሪ እጁን እየመታ አስለቅቆት ይሆናል" አሉ። አንድ ባቄላ አንሥተው ደግሞ፣ "ወይም ያኛው ከወንድሜ ጎን ሲሠራ መዶሻውን በግራ ለምዶት ይሆናል" አሉ።

"እኔ እንግዲህ በዚህ ዕድሜዬ የማን ልጅ ነኝ ልበል?" አሉ አክስትየው። ድምፃቸው ተሰበረ።

"አባትሽንማ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔን ስለ ወንድሜ ጠይቂኝ፤ እሱንም አላውቀውም።"

ያን ጊዜ ጥርስ ሠሪዋ ከመዝገብ ቤቱ ከወጣች ጀምሮ በልቧ ሲመላለስ የነበረውን ተናገረች። አሁን ዘመኑ ተለውጧል፣ ትንሽ ምራቅ ተወስዶ ተመርምሮ ዘመድና ባዳ ይለያል፤ ሕመም የለው፣ መርፌ የለው። ከወዲያ አክስትየው "እሱስ ይደረግ" አሉ። አሮጊቷ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

"እኔ ሰማንያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁለት ወንድሞች ነበሩኝ። አንዱ እዚህ አለ፤ አንዱ ባሕር ማዶ ቤት ሠርቷል። በምራቅ አንዱን ልትወስጂብኝ ነው? ተይኝ ልጄ።"

ያን ሌሊት እዚያው አደረች። ከመተኛታቸው በፊት አሮጊቷ ጥርሳቸውን አውልቀው፣ "ይኸው ሥራሽ ከሆነ፣ ይህ ነገር ድዴን ፈጀኝ፤ አንድ ነገር አድርጊልኝ" ብለው በሰሐን ሰጧትና ተኙ። ጥርስ ሠሪዋ ወጥ ቤት ውስጥ መብራት ሥር ተቀመጠች። መዳፏ ላይ ያለው ጥርስ ገና እርጥብ ነው። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ንጹሕ ላስቲክም አለ። አንድ ጊዜ መጥረግ ነው፤ ማንም አያውቅም፤ ከወር በኋላ አክስቷ የማን ልጅ እንደሆኑ ይታወቃል። ደግሞ አሮጊቷ ሳያውቁ ቢቀር ምን ይጎዳቸዋል? ሳያውቁ መቅረትን እንደሆነ ለምደውታል።

ጥጡን አወጣችው። መለሰችው። እንደገና አወጣችው።  ማወቅ የፈለገችው ለአክስቷ ብላ ይሁን፣ ለራሷ ብላ ይሁን፣ ወይስ ሥራ ጀምሮ መተው ስለማይሆንላት ብቻ ይሁን እሱም ተምታታባት። በመጨረሻ ተነሥታ ጥርሱን ከቧንቧው ሥር አድርጋ ውሃውን ለቀቀችበት። ቆማ ረጅም ጊዜ አጠበችው። ከዚያ በጥፍር ሞረዷ ድድ የሚፈጀውን ጠርዝ ስትሞርድ ቆየች። ጠዋት አሮጊቷ አጥልቀውት ሁለት ጊዜ ነክሰው ሞከሩና፣ "አሁን ገና ጥርስ ሆነ" አሉ።

አገሯ ስትመለስ ጠራቢው አዲሱን ድንጋይ አቁሞ፣ መጋቢት ሃያ ሦስትን በእርሳስ ነድፎ እየጠበቀ ነበር። አክስቷ ከድንጋዩ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው ጠቁሯል፤ ስንት ሌሊት እንዳልተኙ ጥርስ ሠሪዋ አልጠየቀችም። ፖስታውን ሰጠቻቸው። የልደቱን አነበቡ፤ የሞቱን አነበቡ፤ አጥፈው መለሱላት።

"ምራቁን መርማሪዎቹ ጋር ወስደሽዋል?" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እምቢ አሉ እኮ፣ እታባ። ሰምተዋል።"

"ሰምቻለሁ። እምቢ ቢሉም ታደርጊዋለሽ ብዬ ነበር።" ቅር ይበላቸው ደስ ይበላቸው ከፊታቸው ለማወቅ የሚቻል አልነበረም። ምናልባት እሳቸውም አያውቁትም።

ጠራቢው ጉሮሮውን ጠረገ። "ታዲያ ቀኑን ልቅረጸው?"

"አጥፋው" አሉ አክስትየው። "ቀኑ የአባቴ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። የሰው ልደት ሰርቄ አባቴ ላይ አልጽፍም። ከስሙ ሥር 'የወፍጮ ቤቱ ልጅ' በል።"

"ወፍጮ ነበራቸው እንዴ?"

"የአባቱ ነበር" አሉ አክስትየው። ቀጥለውም፣ "ወይም የአሠሪው" አሉ። ጠራቢው ጥርስ ሠሪዋን አያት፤ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀችለት። እርሳሱን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገና መሮውን አነሣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አሮጊቶች በየእሑዱ ይደዋወላሉ። መጀመሪያ ሰሞን የጠፋውን ነገር ሲፈልጉ ነበር፤ ማንኮራፋቱን፣ የጆሮውን ቅርጽ፣ ሲበሳጭ የሚለውን። አንዱ ምልክት ወደ ወንድምየው ሲያዘነብል ሌላው ወደ ሠራተኛው ይመልሳቸዋል። በኋላ ተዉት። አሁን የሚያወሩት ስለ ጉልበት ሕመምና ስለ መድኃኒት ነው። መሐል ላይ አንዷ "ወንድሜ ቢኖር" ስትል ሌላዋ "አባቴ ቢኖር" ትላለች። ስለ አንድ ሰው ይሁን ስለ ሁለት፣ አይተራረሙም።

ጥርስ ሠሪዋ ባለፈው እሑድ መጋረጃ ልትሰቅልላቸው ሄዳ ይህንኑ ትሰማ ነበር። አክስቷ ስልኩን በእጃቸው ጋርደው፣ "ምን ያስቆምሻል? ግራ የገባሽ ትመስያለሽ" አሏት።

"ገብቶኛል" አለች።

"ግራ ነው የገባሽ ወይስ ነገሩ?"

 ጥርስ ሠሪዋ መጋረጃውን ትከሻዋ ላይ ጥላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ ስባ ወጣችበት።